ከሆድ በታች የሚታሰር ጨርቅ

ልጄ ለመውለድ ወደ እኔ የመጣችው ማሽላው እሸት በያዘበት ሰሞን ነው። በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ ቢሆንም ወግ ወግ ነውና ባሏ ከሮቢት ድረስ አሳፍሮ አመጣልኝ። ከሚኒባሱ ስትወርድ አንድ እጇን በሩ ላይ፣ አንዱን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። እግሯ መሬት ከረገጠ በኋላም አልተነቃነቀችም። ባሏ ሻንጣዋን ይዞ ቀደመ። እኔ ቆሜ ጠበቅኋት።

«መንገዱ ነው አባዬ፣ ሲያንገጫግጨኝ ነው የመጣው» አለችኝ።

መንገዱ አልነበረም። ባሏ በማግስቱ ወደ ሮቢት ከተመለሰ በኋላም ከመደብ ስትነሳ ምሰሶውን ይዛ ነው። ስትቀመጥ ጀርባዋን ግድግዳ ካላስደገፈች አይሆንላትም። ስትሰግድ ሱጁድ ወርዳ መነሳት ሲያቅታት በርጩማ ላይ ሆና መስገድ ጀመረች። ይህን ሁሉ አያለሁ፤ ግን አባት ሴት ልጁን ስለ ሆዷ አይጠይቅም። «እንዴት አደርሽ ልጄ?» እላታለሁ። «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች። በዚህ እናበቃለን።

አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ አፏ እንደ በርበሬዋ ነው። አንድ ቀን ከልጄ ጋር ስታወራ ውላ ስትወጣ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ወገቧ እየተቆረጠ ነው። አልሰሙም?»

«ምኑን ልስማ? ለእኔ ደህና ነኝ ነው የምትለኝ።»

«ታዲያ ለአባት ሌላ ምን ይባላል?» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አምና ፅንሱ ሲያስወርዳትም የጀመራት በወገቧ ነው አሉ። አሁን ወገቧ በነካት ቁጥር ያ የመጣ እየመሰላት እንቅልፍ የላትም።»

አምና «ልጅህ ትንሽ አሟት ነበር፣ ተሽሏታል» የሚል ወሬ ከሮቢት መጥቶልኝ ነበር። ተሽሏታል ከተባለ ብዬ አመስግኜ ዝም አልኩ። ለካ ያ ነው።

«የነፍሰ ጡር ቀበቶ የሚሉት አለ» አለችኝ ጎረቤቴ። «የእኅቴ ልጅ ወልድያ ስትታጠቀው አይቻለሁ። እኔ በርበሬዬ ፀሐይ ላይ ነው፣ እርስዎ ቆቦ ወጣ ብለው ይጠይቁ።»

ወጣሁ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንዲት ልጅ ትሸጣለች፣ ሦስት አራት ወንዶች ወረፋ ይዘዋል። የመጣሁበትን ልናገር አፌን ከፈትኩና ወንዶቹን አይቼ ተውኩት። በእኛ ዘንድ ያልተወለደ ልጅ ሰው መሃል አይነገርም፤ ዓይን አለ፣ አፍ አለ። ያውም አንድ የጠፋባት ሴት።

«ለወገብ የሚታጠቁት ቀበቶ አለሽ?» አልኳት።

«ለማን ነው አባባ?»

«ለራሴ።»

«ከባድ ነገር አንስተው ነው?»

«ኧረ እርጅና ነው።»

ጥቁር ሰፊ ቀበቶ አወጣች፤ ከኋላው ብረት አለው፣ ከፊት ይጣበቃል። በወገቤ አዙራ ለካችኝ። ወረፋ ከያዙት አንዱ፣ «አባባ፣ ይህን ታጥቀው ሁለተኛ ሊያገቡ ነው እንዴ?» አለ፤ ሳቁብኝ። «አክስትህ እሺ ካለችኝ ማን ይጠላል» አልኩት። ገንዘቡን ከፍዬ ወጣሁ።

ፌስታሉን መደቧ ላይ ትቼላት ወጣሁ፤ እጅ ለእጅ መስጠቱን አፈርኩ። ጥቂት ቆይታ ቀበቶውን ይዛ ወደ ታዛው መጣች።

«አባዬ፣ ይህን ለማን ነው ብለህ ገዛኸው?»

«ለእኔ ብዬ ነዋ።»

ሳቀች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማሁም ነበር። ሳቁ ወገቧን ያዛትና ግድግዳውን ተደገፈች፣ ፊቷ ላብ በላብ ሆነ። በርጩማውን አቀረብኩላት።

«ሞክሬዋለሁ» አለችኝ ሲለቃት። «ከኋላ ይደግፋል። ከፊት ግን ልጁን ይጫነዋል፣ ትንፋሽ አሳጣኝ። ይህ የሸክም ሠራተኞች የሚታጠቁት ነው።» ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ «ይኼም እንደዚያኛው እንዳይሄድብኝ ነው የምፈራው» አለች።

በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ስትናገር ያ የመጀመሪያው ነው። «አላህ ያውቃል» አልኩ። ወዲያው ግን፣ «ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ» አልኳት።

ባጃጁን ቀስ በል እያልኩ ደረስን። አዋላጇ ወጣት ናት፣ ፈጠን ፈጠን ትላለች።

«እናቷ የት አሉ?»

«በሕይወት የለችም። አባቷ ነኝ።»

«እንግዲያው እርስዎ ይግቡ።»

ገባሁ። ልጄን ስትመረምራት በመስኮት የዞብልን ተራራ ሳይ ቆየሁ። «የልጁ ልብ ደህና ይመታል» አለች አዋላጇ። «ሆዷ ወደ ፊት ሲከብድ ወገቧ ወደ ኋላ ይለመጣል፤ ሕመሙ ከዚያ ነው። ብዙ እናቶችን ይይዛል። ግን እናንተ የሁለቱን ሕመም ልዩነት እወቁ። ይኼኛው ይቆያል፣ ስታርፍ ይቀላታል። ሌላው ይመጣል ይሄዳል፣ ሆዷንም ያጠነክረዋል። እንዲያ ከሆነ፣ ደም ወይም ፈሳሽ ካየች፣ ሽንቷ ካቃጠላት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ።»

ስለ ቀበቶው ጠየቅኋት። ትክክለኛው እዚያ እንደሌለ፣ ከወልድያ ወይም ከደሴ ማስላክ እንደሚቻል ነገረችኝ። «እስከዚያ ግን» አለችና ኩታዬን ከትከሻዬ ወሰደችው። ርዝመቱን ይዛ ሰፋ አድርጋ አጠፈችው፣ ከልጄ ሆድ በታች አሳልፋ ከዳሌዋ በላይ ወደ ኋላ ወሰደችው።

«እንዲህ ይደገፋል እንጂ አይጠብቅም። ሁለት ጣት ማስገባት አለበት። ስትተኛ ይፈታል፣ በጉልበቶቿ መሃል ትራስ ይገባል። ውኃ መሸከም የለም። ጠዋት ጠዋት ከኋላ የሚስብላት ሰው ያስፈልጋል። ቤት ማን አለ?»

ጎረቤቴ ጎህ ሳይቀድ ጎብዬ ገበያ የምትወጣበት ቀን ብዙ ነው። ሌላ ሴት የለንም። ልጄ ወለሉን ታያለች።

«እኔ አለሁ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ ጨርቁን ከፊት ራሷ ይዛ ጫፎቹን ወደ ኋላ ታቀብለኛለች፤ እኔ ጣራ ጣራውን እያየሁ እስባለሁ። በወጣትነቴ ከአፋር በኩል ጨው በግመል አመላልስ ነበርና እጄ ይከብዳል።

«አባዬ፣ እንደ ጨው ጭነት አታጥብቀኝ።»

«ግመል እንኳ ሲጠብቅባት ትነክሳለች። አንቺ ዝም ነው።»

«አሁን እነክስሃለሁ።»

ሕመሙ አልጠፋም። ረፋድ ላይ ቀለል ይላታል፣ ወደ ማታ ይብሳል። ውኃውን እኔ በእጅ ጋሪ አመጣለሁ፤ ቦኖው ዘንድ ያሉት ሴቶች፣ «ጋሼ፣ ነፍሰ ጡሯ እርስዎ ነዎት ወይስ ልጅዎ?» ይሉኛል። ከደሴ የተላከው ቀበቶ መንገድ ተዘጋ ተባለና ሳይደርስ ቀረ። ደግሞ ዱበርቶች፣ የሰፈራችን አሮጊቶች ማለቴ ነው፣ ተሰብስበው ዱዓ አደረጉላት፤ «በሰላም ይገላግልሽ» አሏት፣ እርሷም «አሚን» አለች። ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም። ፊቷ ሲቋጠር፣ «ይቆያል ወይስ ይመጣል ይሄዳል?» እላታለሁ። «ይቆያል» ትለኛለች። ሕመም ላይ መሆኗን እየነገረችኝ እኔ እፎይ እላለሁ። እንዲህ ያለ ነገርም አለ።

አንድ ጠዋት ኩታውን ይዤ ብመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም።

«አትሰረው አባዬ» አለችኝ። «ይመጣል ይሄዳል።»

ወሯ ገና ነበር። አስፋልቱ ዳር ስደርስ ባጃጆቹ ተሰልፈዋል፣ ሰው ሞልቷል። «ልጄን ምጥ ይዟታል» አልኩ፤ ሁሉም ሰማ። የፊተኛው ሾፌር የጫነውን ሰው አውርዶ ተከተለኝ።

ጤና ጣቢያው ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ስትጮኽ እሰማታለሁ፤ ዝም ስትል የባሰ ነው። ከቀትር በኋላ አዋላጇ መጥታ ጠራችኝ። «ወንድ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ሲጮኽ ይሰማዎታል አይደል? እስኪጠና ድረስ ከእኛ ጋር ይቆያሉ።»

ስገባ ልጁ ደረቷ ላይ ነው፣ ጭንቅላቱ ከመዳፌ አይበልጥም። ይተነፍስ እንደሆነ ቆሜ አየሁት። ይተነፍሳል።

«አባዬ፣ ወገቤ» አለችኝ ልጄ።

በጎኗ ዞረች። እጄን ጀርባዋ ላይ አድርጌ በቀስታ ያዝኩላት። ደግሞ ልጁን አየዋለሁ፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል።