የዴንቨር ጥያቄ

የከባድ መኪናው ሾፌር ገና ከጋቢናው ሳይወርድ ይጮኻል፦

«ዓለምነህ! ኬንታኪ!»

ዓለምነህ ጎማውን ውሃ ገንዳው ውስጥ እየነከረ፣ የቀዳዳው አረፋ ቡልቅ ሳይል ይመልሳል፦ «ፍራንክፎርት!»

«ነብራስካ!»

«ሊንከን!»

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ውቃቢ አለበት!»

መርሳ፣ ዋናው መንገድ ዳር ያለችው ጎሚስታ ቤት ዓመቱን እንዲህ ስትስቅ ከረመች። ጨዋታው ደንብ አለው፤ አረፋው መልሱን ከቀደመ ዓለምነህ ተሸነፈ ማለት ነው። ተሸንፎ አያውቅም። ሃምሳውን የአሜሪካ ግዛት ከነዋና ከተማው፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚዋሰን ሳይቀር እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣዋል። የገዛ ወረዳውን ሀብሩን ማን ማን እንደሚያዋስናት ጠይቁት፤ ራሱን ያክካል።

ለቀልድ አልነበረም። አምና ዲቪ ደርሶታል። ወልድያ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሮቤል ፎርሙን ሞላለትና «ቆንስላው የሚጥለው በጥያቄ ነው» አለው። ሃምሳ ጥያቄ አትሞ ሰጠው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደ አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ይፈትነው ጀመር። ሃምሳ ከሃምሳ ሲያገኝ ወረቀቱን የፎቶ ኮፒ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈለት።

ይህን እምነት ያመጣው ሚኪያስ ነው፤ የውርጌሳ ባለ ባጃጅ። ከሁለት ዓመት በፊት ቃለ መጠይቅ ወድቆ ሲመለስ «ዴንቨር የት ግዛት ናት አሉኝ፤ ሳላውቅ ቀረሁ» ብሎ አወራ። በቃ! ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ያለ ሰው ሁሉ ኮሎራዶ፣ ኮሎራዶ ሲል ከረመ። ይህ ሁሉ የሚያጨበጭብ ሕዝብ፣ ይህ ሁሉ አዋቂ፣ አንድ ሰው እንኳ ለመሆኑ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ ብሎ የዲቪውን መመሪያ ከፍቶ አላነበበም። ስልክ ግን ሁሉም እጅ ላይ ነበር።

ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል፣ ማሽላ ማሳ ላይ የምትሠራውን ሚስቱን ትንሳኤን ብቻ ነገሩ ከንክኗታል።

«የአስራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀትህስ?» አለችው አንድ ቀን።

«በጦርነቱ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሲዘረፍ ከነሳጥኑ ጠፋ አላልኩሽም?»

«የጠፋ ነገር ምትክ ይጠየቅበታል።»

«ሮቤል ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል ብሏል። ይልቅ የሞንታና ዋና ከተማ ማን ናት?»

«ሞንታና ገደል ትግባ!»

«ሄለና!» አለና ሳቀባት።

ቀጠሮው ነሐሴ ሃያ ስምንት ነበር። አዲስ አበባ፣ ቆንስላው ውስጥ ከመስታወቱ መስኮት ፊት ቆመ። ጠያቂዋ የተናገረችውን አስተርጓሚው ወደ አማርኛ መለሰው፦ «የአስራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃህን።»

«ጠፍቷል። ግን ጠይቁኝ።»

«ምን?»

«ስለ ግዛቶቹ። የፈለጋችሁትን።»

አስተርጓሚው ትክ ብሎ አየው። ያንን አልተረጎመውም። «ወንድሜ፣ እስከ መስከረም ሃያ ማስረጃውን አምጣ። ከዚያ በኋላ ዕድሉ ያልፋል» አለው። ቃለ መጠይቁ አንድ የጎማ ቡሎን ተፈቶ እስኪወጣ የሚፈጀውን ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ሲመለስ ውርጌሳ ላይ ከአውቶቡስ ወረደና ሚኪያስን ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው።

«ሚኪያስ፣ ዴንቨርን እውነት ጠይቀውሃል?»

ሚኪያስ ግራ ቀኝ አየ። «ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ወረቀት ነው የጠየቁኝ። ሌላ ምንም።»

«እኔንም» አለ ሚኪያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አስረኛ ላይ ነው ያቋረጥኩት። ፎርሙ ላይ አስራ ሁለተኛ ተብሎ ተሞላልኝ። ታዲያ አባቴ ፊት ምን ልበል? መሃይም ከመባል ዴንቨር አይሻልም?»

ዓለምነህ ሊመታው እጁን አነሳ፤ አወረደው።

በማግስቱ ወልድያ፣ ትምህርት መምሪያ ቢሮ ሄደ። መዝገብ የያዙት ወይዘሮ ማሚቴ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሰሙት።

«ምትኩ ይወጣል። ውጤትህ አዲስ አበባ ተጣርቶ እስኪመጣ ግን ሁለት ወር ነው።»

«እኔ ያለኝ ሃያ ምናምን ቀን ነው፣ እትዬ። እባክዎ።»

«ዓመት ሙሉ የት ነበርክ የኔ ልጅ?»

የት እንደነበር ያውቃል። ቬርሞንት ነበር፤ ደቡብ ዳኮታ ነበር።

መስከረም ሃያ ማስረጃው ሳይመጣ አለፈ። ሮቤል «ዕድል ነው» አለ። ዕድል! ያን ቀይ እስክሪብቶ ማስዋጥ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ሃምሳ ከሃምሳም አላነሳውም፤ እንዲያውም ለአዳዲስ ደንበኞች ያሳየዋል።

መስከረም ሃያ ሦስት ጠዋት አቤል መጣ፤ የጎረቤት ጋራዥ መካኒክ። ባለፈው ግንቦት ዲቪ ደርሶታል። ከዓለምነህ ጋር አንድ ክፍል ነው የተማሩት፤ የእሱም ወረቀት የጠፋው ከዚያው ሳጥን ጋር ነው። ደብተር ይዟል። ጎማ የሚያስነክሩ ሁለት ሾፌሮች ጆሯቸውን ሰጡ።

«ዓሌ፣ እንዳትደብቀኝ። ምን ጠየቁህ?»

ትንሳኤ በሩ ላይ ቆማለች። «ንገረው» አለችው።

ዓለምነህ ጎማውን ገንዳው ውስጥ ደፈቀው። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው፤ ወረቀት። ለአቤል ገና ዓመት ሙሉ አለው፤ ያችን ቃል ይዞ ነገ ወልድያ ቢሄድ ይደርሳል። ሾፌሮቹ ግን ያያሉ። ዓመት ሙሉ «ውቃቢ አለበት» ያሉት ሾፌሮች።

አረፋው ቡልቅ አለ።

«ዋዮሚንግ» አለ ዓለምነህ ቀና ሳይል። «አዋሳኞቿን በሙሉ ጥራ አሉኝ። ስድስት ናቸው፤ አንዷ ጠፋችብኝ።»

«ወይኔ! ለአንድ!» አለ አንደኛው ሾፌር ጭኑን እየመታ።

ትንሳኤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሲሪንቃ የሚሄደውን ሚኒባስ ልትይዝ መንገዱን ተሻገረች።

አቤል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«ቆይ፣ ቀስ በል ልጻፈው» አለ። «ሞንታና፣ አይዳሆ... ቀጥሎ?»