ወልደሰንበት እና የወረቀቱ አገር

ወልደሰንበት አቃቂ በሰቃ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሰኞ ሄዳችሁ ቡሎን ብትጠይቁት ቡሎኑን ያቀብላችኋል እንጂ ቃል አይተነፍስም። ደንበኞቹ ኩራተኛ ይሉታል። ኩራተኛ አይደለም፣ ዓይን አፋር ነው። እናቱ ካረፉ ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ የትዳር ወሬ ከተነሳበት መደርደሪያ መጥረግ ይጀምራል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ግን ሌላ ሰው ነው። ያን ቀን አገር ያስተዳድራል።

አገሩ ወረቀት ላይ ነው። ለፋብሪካ ማሽን ሊተክል መጥቶ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የጨዋታ መጽሐፍ ጥሎለት ሄደ። ወልደሰንበትም መዝገበ ቃላት ይዞ ስንት ክረምት ታገለው። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ተጫዋች በሐሳቡ አንድ ሰው ይፈጥራል። ያ ሰው መጀመሪያ ዋሻ ለዋሻ እየዞረ ከጭራቅ ጋር ይዋጋል። ስሙ ሲገን መሬት ያገኛል፣ ግንብ ይሠራል፣ ገበሬ ያሰፍራል፣ ግብር ይሰበስባል፣ ይፈርዳል። የሚሆነውን የሚተርከውና ደንብ የሚያስከብረው ግን አንድ ሰው ነው፤ እኛ «ዳኛው» እንለዋለን። ዳኛው ወልደሰንበት ነው፤ ዳኛ ደግሞ የራሱ መሬት የለውም።

ዕድል የሚወሰነው ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር በመጣል ነው። እሱ ስላልነበረን ወልደሰንበት ከሱቁ አንድ ትልቅ የቡሎን ዳዶ አውጥቶ በስድስቱ ጎን ላይ በሞረድ ቁጥር ፈለፈለበት። በጠፍጣፋው ከወደቀ ይደገማል።

ተጫዋቾቹ ሦስት ነን። እኔ ፋጡ ነኝ፤ ከሱ ጎን ባለው ሱቅ ልብስ እሰፋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ሙህዲን አይሱዙ ይነዳል። አምባው የዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። እናቴ ወልዶ መሳም በሚገባችሁ ዕድሜ ልጅ ሆናችሁ እያለች ስታማርር እኛ ከዙህር ሶላት በኋላ ሹልክ ብለን ወልደሰንበት ሱቅ እንሄዳለን።

ወልደሰንበት ጭራቁንም ሰይፉንም እምብዛም አይወደውም። የሚወደው ግንቡን ነው። እኔ ፎቅ ያለው ግንብ እፈልጋለሁ ስለው ድንጋዩ ከየት ይመጣል ይለኛል። በቅሎዎቹ የት ያድራሉ? በጾም ግንበኞቹ ምን ይበላሉ? የሐሳብ ሰው አይርበውም ስለው ከልቡ ያዝንብኛል። እንዲህ ያለ ሰው አትወዱትም? እኔ እወደዋለሁ፣ ራሴን እያሳመመኝም ቢሆን።

ነገር የመጣው ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት ነው። የአምባውና የሙህዲን ግዛቶች አንድ ወንዝ ይጋራሉ፤ አምባው ከላይ፣ ወንድሜ ከታች። አንድ እሁድ አምባው ወንዙን ገደበው። ደንቡ አይከለክልም። ወልደሰንበት ዳዶውን ጣለ፣ መጽሐፉን ገለጠ፣ ከዚያ በሙህዲን አገር እህሉ እንደደረቀና ግማሹ ገበሬ እንደተሰደደ ነገረን። አምባው ሳቀ። የክፋት ሳቅ አልነበረም፣ ጨዋታ የቀናው ሰው ሳቅ ነው። ወንድሜ ግን ተነሥቶ ወጣ።

በማግስቱ አምባው መንገድ ላይ ሰላም ቢለው ፊቱን አዞረበት። እሁድ ሲደርስ ቀረ፤ የሚቀጥለውም እሁድ ሳሪስ ጭነት አለብኝ ብሎ ሄደ። እቤት ስጠይቀው ተይኝ ከማለት በቀር አይመልስም። የወረቀት ውኃ ጠምቶህ ነው ወይ ብዬ አሾፍኩበት፤ እራቱን ትቶ ተኛ።

ወልደሰንበት ከሳ። እኔና አምባው ብንመጣም ማጫወት አልሆንልህ አለው፤ መጽሐፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። አንድ ቀን እኔ ሱቅ ገብቶ ክር የሚመርጥ መስሎ ቆመና፣

«ፋጡዬ፣ እሁዴን ላጣ ነው» አለኝ። «እኔ እኮ ከእናንተ ሌላ ሰው የለኝም።»

አንጀቴን በላኝ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ያደረገውን ከሱ በቀር ማንም አያደርገውም፤ ሽማግሌ ጠራ። አባባ ኩምሳ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ባልና ሚስቱን፣ ወሰንተኛውን ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለት ጎረቤታሞች በውኃ ተጣልተዋል አላቸው። የትኛው ውኃ እንደሆነ ለመናገር አፈረ። እሳቸው ሲጠሩ እምቢ የሚል የለምና ሙህዲንም አምባውም መጥተው ጀርባ ለጀርባ ሊሆኑ ምንም ሳይቀራቸው የወልደሰንበት ሱቅ ውስጥ ተቀመጡ። አባባ ኩምሳ ከዘራቸውን ይዘው ቆሙና ወንዙ የት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሳያዩ አይፈርዱም። ወልደሰንበት ፊቱ ቀልቶ የአገሩን ካርታ የሣለበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። ይቆጣሉ ስንል ተቀመጡና ወንዙን በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። አምባው ገደቡን ለምን እንደሠራ አስረዳቸው፤ ለወፍጮ ነው። እስኪጨርስ ሰሙትና ወደ ዳኛው ዞሩ።

«እነዚህ ተሰደዱ ያልካቸው ሰዎች የት ሄዱ?»

ወልደሰንበት የትም እንዳልሄዱ፣ መጽሐፉ ከሕዝቡ ቁጥር ላይ ቀንሱ ብቻ እንደሚል ነገራቸው።

«አይቀነሱም» አለ ሙህዲን። «በሰባ ሰባት ከወሎ ስንወጣ ልጅ ነበርኩ፣ አስታውሰዋለሁ። እኛ አልተቀነስንም። አባቴ ፋጡን አዝሎ እዚህ አቃቂ ደረሰ።»

እኔ አላስታውሰውም፤ እቤትም አይወራም። አምባው ተነሣ። ክርስቲያን ሆኖ ሳለ በኛ በሙስሊሞቹ አባባል «አውፍ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ሙህዲን እጁን ሰጠው።

አባባ ኩምሳ ገደቡ ይከፈት ብለው ፈረዱ። ውኃው ተመለሰ፤ የሄዱትን ግን ማን ይቀበላቸዋል አሉ። አምባው እኔ ልቀበላቸው አለ። ሙህዲን ራሱን ነቀነቀ። ያሳደዳቸው ሰው ጋ አይገቡም አለ።

ወልደሰንበት እርሳሱን አነሣና ከሁለቱም ግዛት ውጭ፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ባለው ባዶ ቦታ ክብ ሠራ።

«እኔ ጋ ይረፉ» አለ።

ዳኛ መሬት የለውም አልኩት፤ ደንቡን ያስተማረን እሱ ነው።

«አሁን አለኝ።»

ሙህዲን ወደ ክቡ ጎንበስ አለ። ከዚያ ምን እንደሚሠራላቸው፣ በግንብ ይጀምር እንደሆነ ጠየቀው። የግንብ ፍቅር የገደለው ሰው፣ የግድግዳውን ውፍረት ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ወልደሰንበት፣ ግንቡ ይቆያል አለ። መጀመሪያ ቤት።

ወንድሜ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበና ተራው የማን እንደሆነ ጠየቀ።