ግማሽ ጋቢ

አርባ ምንጭ ላይ ሲይዙኝ ከቤት ይዤ የወጣሁት ጋቢዬን ብቻ ነበር። ጨንቻ ያለችው እናቴ ጥጡን ፈትላ ያሠራችልኝ ነው። የእስር ክፍላችን ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ቀን ያነፍረናል፤ ጋቢ የሚያስለብስ አይደለም። እኔ ግን አጣጥፌ እታቀፈዋለሁ። የእናቴን ቤት ቤት ይሸታል።

ጥፋቴ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ ምእመናንን ቤቴ ሰብስቤ ማስተማሬ ነው። ጸሎት ቤቱን ያሸገው የቀበሌ ሹም ደግሞ ከወር በኋላ ራሱ ታስሮ እኛው ክፍል ገባ። የሚያሽገው ቤት አልቆበት ነው መሰለኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ መጽሐፋችን ስለተወሰደ፣ አብሮኝ ለታሰረ አንድ የጨንቻ ሸማኔ የስቅለቱን ታሪክ በቃሌ እነግረው ነበር። ወታደሮቹ የጌታን ልብስ ተካፍለው፣ ቀሚሱ ግን ስፌት የሌለው ወጥ ሽመና ስለሆነ እንዳይቀዱት ዕጣ የተጣጣሉበት ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

«ፈትሉን ማን ፈተለው?»

«አልተጻፈም፣ አባባ።»

«እናቱ እዚያው ቆማለች አላልከኝም? የፈተለችውን ሲወስዱ እያየች!»

ስንት ዓመት ያስተማርኩት ቃል ነው፤ እናቲቱን ግን ልብ ብያት አላውቅም። በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ ወርዳ፣ በር ላይ ቆማ፣ ሳታየኝ የምትመለሰው እናቴ ትዝ አለችኝ።

ቀትር ላይ ሹሙን ወባ ያንዘፈዝፈው ጀመር። በዚያ ሙቀት ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሸማኔው ጋቢዬን አየ። እኔ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ከእናቴ ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ ለዚያ ሰው ደግሞ?

«የጌታ ልብስ ስፌት የለውም፤ አንዱ ይዞት ሄደ» አለ ሸማኔው ቀስ ብሎ። «ያንተ መሀሉ ስፌት ነው፣ ልጄ። ሳይቀደድ ለሁለት ሰው ይሆናል።»

ጋቢውን ዘረጋሁለት። ክሩን በጥርሱ በጠሰና እስከ ጫፍ ተረተረው። ግማሹን ራሴ ሹሙ ላይ ጣል አደረግሁ።

«ታውቀኛለህ አይደል?» አለኝ።

«አውቅዎታለሁ። ይሸፈኑ።»

በሦስተኛው ቀን የሹሙ ስም ተጠራ። ግማሹን ጋቢ አጣጥፎ ሊመልስልኝ እጁን ሲዘረጋ፣ «ይልበሱት» አልኩት። ለብሶት ወጣ፤ አልተመለሰም።

ስፈታ እናቴ ትከሻዬን ዳበሰች።

«ግማሹስ?»

«ሰው ለብሶታል፣ እማ።»

«ይሙቀው» አለች። ሌላ አልጠየቀችኝም።

አሁን እሷም የለችም። ልጆቼ ሌላ ግማሽ አሠርተን እንስፋልህ ይሉኛል፤ ተዉት እላለሁ። በስቅለት ቀን ሰባኪው ስለ ችንካሩ ሲናገር፣ እኔ የጋቢዬ ጫፍ ላይ የቀሩትን የመርፌ ቀዳዳዎች እዳብሳለሁ። ከቀን ሁሉ እናቴ የምትናፍቀኝ ያን ቀን ነው።