መንግሥት በድምፅ የሚወርድበት ምዕራፍ

ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያለው የስደተኞች ማቆያ ያስገቡኝ ቀን መጀመሪያ ያየሁት ባለ ሁለት ደርብ የብረት አልጋዎችንና መስኮቱ ሥር የተቀመጠ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ነው። ጠንካራ ሽፋን እዚያ አይፈቀድም። ገለጥ ሳደርገው ክው አልኩ፤ የእንግሊዝን ፖለቲካ ለጀማሪ ተማሪዎች የሚያስተዋውቅ መማሪያ ነበር።

አገር ቤት የማስተምረው ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ ነበር። ፓርላማ እምነት ሲነፍገው መንግሥት እንደሚወርድ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አስረዳሁና ሰባት ወር ታሰርኩ። መርማሪዬ «የኛን ነው ያልከው» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ያልኩት የለንደንን ነበር። ስፈታ ጥገኝነት ልጠይቅ መጣሁ፤ እዚህም ጉዳዬ እስኪታይ ያዙኝ።

አጠገቤ የሚተኙት ኤርትራዊ ሽማግሌ ለዓመታት ከዴንቨር ኤርፖርት ታክሲ ነድተዋል። አማርኛን የተማሩት አስመራ፣ ተማሪ ቤት ነው። በማግስቱ ዳኛ ፊት እንደምቀርብ ሲሰሙ ሊያለማምዱኝ ተነሱ።

«በል፣ ጃጁ እኔ ነኝ። ለምን ታሰርክ?»

«በእንግሊዝ ሥርዓት ካቢኔው ለፓርላማ ተጠሪ ስለሆነ...»

«ቆይ፣ ቆይ። አንተ የት አለህ?»

እውነቱን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ አስተማሪ ነበርኩ ካልኩ የመርማሪው ዱላ እንደገና የሚጀምር ይመስለኛል።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ከአልጋቸው ወረዱ። ልጅ ሳሉ መምህር ሲገባ ያደርጉት እንደነበረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ኧረ በእግዚአብሔር! ለእርስዎ መነሳት ያለብኝ እኔ ነኝ።»

«ሳታስተምረኝ አልቀመጥም። መንግሥት ያለ ጥይት እንዴት ነው የሚወርደው?»

አስተማርኳቸው። መጀመሪያ ዓይኔን ከመጽሐፉ አላነሳሁም፣ ኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ጠባቂው እኛን ሊቆጥር መጥቶ አልጋችሁ ላይ ሁኑ ሲል ሽማግሌው ዞር ብለው «ክላስ ላይ ነን» አሉት። ሰውየው ትንሽ አመነታና ከወዲያኛው ጥግ መቁጠር ጀመረ።

በማግስቱ ዳኛዋ ሥራዬን ጠየቀችኝ። «መምህር ነኝ» አልኩ፤ አስተርጓሚውን እንኳ አልጠበቅኩም።

ዛሬ እዚያው ዴንቨር አጠገብ፣ ግሌንዴል እኖራለሁ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ሽማግሌውን እኔ ከማቆያው ከመውጣቴ በፊት ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ የት እንደሆነ የነገረኝ የለም። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላስተማርኩም። ስለ ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ የሚያወራውን የመጽሐፉን ምዕራፍ ነገ እንቀጥላለን ብያቸው ነበር፤ እሱ ነው የሚቆጨኝ።