መቀስ የማይነካው ሱሪ

«አስር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» ይባላል። የአዳማዋ ሸዋወርቅ ግን አስር ጊዜ ለክታ ጭራሽ አትቆርጥም። ልብስ ስፌት ተምራ አታውቅም፤ የስፌት መኪናም የላትም። ያላት መርፌ፣ ክር፣ የሳሙና ስባሪና የማያልቅ ትዕግስት ነው።

ስፌቱን ያስተማራት ችግር ነው። ባሏ ኪዳነወልድ ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ ግራ እግሩ ተሰበረ፤ ሲድንም ሁለት ጣት ያህል አጠረ። ከዚያ ወዲህ የገዛው ሱሪ ሁሉ በግራ በኩል መሬት ይጠርጋል። ልብስ ሰፊዎቹ ደግሞ አንዱን እግር ለክተው ሁለቱንም እኩል መቁረጥ ልማዳቸው ነው። ሰውየው መሳቂያ የሆነ እየመሰለው ሰው ፊት መቆም ተወ። ሠርግ ቤት ቀድሞ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሁሉም ሲወጣ ይነሳል። ይሄ ነገር ሸዋወርቅን አንገበገባት።

እናም ጫማውን አስደርጋ አቆመችው። እግሩ ሥር ተንበርክካ ግራና ቀኙን ለየብቻ ለካች፤ በሳሙና አሰመረች፤ ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፋ በእጇ ቀመቀመችው። ሱሪው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ አንዱ እግር አጭር ነው፤ ሰውየው ሲለብሰው ግን እኩል። ክሩ ከውጭ አይታይም። እጇ ይባረክ ከማለት በቀር ምን ይባላል?

ዘንድሮ የጎረቤቷ የጉዲቱ ልጅ ቀነዓ መቂ ላይ ልጅ ወደደ። ኪዳነወልድ ሽማግሌ ሆኖ እንዲሄድ፣ ነገሩንም እሱ እንዲከፍት ተለመነ። ሽማግሌ ደግሞ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። ያውም መቂ፣ በጉብዝናው ዘመን በሚያውቁት ከተማ። ሲያንገራግር ሰነበተና «ሱሪው ከሆነልኝ እሄዳለሁ» አለ። ሸዋወርቅ አዲሱን የሱፍ ሱሪ አሳምራ አዘጋጀችለት።

እሁድ ጠዋት፣ ሚኒባሱ ደጅ ቆሞ ሳለ፣ ኪዳነወልድ ሱሪውን ቢለብስ ግራው ጫማውን ውጦ መሬት ላይ ተኝቷል። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሌላ ሰው ይናገርላቸው» ብሎ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

ለካስ የጉዲቱ ሥራ ነው። ዋዜማውን «ለልጄ የሚሄዱትን እኔ ልተኩስላቸው» ብላ ሱሪውን ወስዳ ነበር። አንዱ እግር አጥሮ ብታየው ሸዋወርቅ የተሳሳተች መሰላት፤ ተርትራ ከቀኙ ጋር አስተካክላ ሰፋችው። ሽማግሌዎቹን ልትሸኝ መጥታ ይህ ሲነገራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዋዮ፣ ሸዋዬ፣ የጋሼ እግር እኩል አይደለም እንዴ? ይህን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ስንኖር አይቼ አላውቅም።»

ሸዋወርቅ ለቁጣ የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋች። በሕይወቷ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምታ አታውቅም።

«ግዴለም፣ አልተቆረጠም፤ ይመለሳል» አለች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ተነስ፣ ልለካህ።»

«ጉዲቱ እያየችኝ?»

«እያየችህ። ለልጄ ቁምልኝ ብላ የመጣችው እሷ አይደለችም?»

ኪዳነወልድ የአልጋውን ጫፍ ተደግፎ ተነሳ። ሸዋወርቅ ተንበርክካ ለካች፤ ጉዲቱ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሳለፈችላት። ሽማግሌው ኮትና ክራቫቱን እንዳደረገ፣ ከወገቡ በታች ጋቢ አሸርጦ ሱሪውን ይጠብቅ ጀመር። ሾፌሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ሸዋወርቅ፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ደጅ ቆማ ጠበቀችው። አስቀድማ ያየችው የሱሪውን ጫፍ ነው፤ ሁለቱም ጫማው ላይ እኩል አርፈዋል።

«ምን አሏችሁ?»

«ቀጠሮ ሰጡን፤ ፊታቸው ጥሩ ነው።» ኮቱን አውልቆ ሰጣት። «ተናግሬ ስጨርስ ተቀመጡ አሉን።»

«እሺ?»

«እኔ ነኝ ትንሽ እንቁም ያልኩት።»