ግድግዳ ውስጥ የመረግሁት የአረር ማፍሰሻ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ነፍሷን ይማርና ሳትሰማው ነው የሄደችው። ለነፍስ አባቴም በየጾሙ ሌላ ሌላውን ኃጢአት እየዘረዘርኩ ይህን ዘልየዋለሁ። አሁን የምጽፈው ደህና አድርጌ ስለምጽፍ አይደለም፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኳት ፊደል ትንሽ ናት። አፌን ከከፈትኩ ክርክር ስለሚቀናኝ ነው። ወረቀት አይመልስልኝም። አንተ የምታነበው ሰውም ዝም ብለህ ስማኝ።

ፈንታ ጓደኛዬ ነው። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ማሳችን ይዋሰናል፤ እሱ አንድ በሬ እኔ አንድ በሬ እያቀናጀን ስናርስ ነው ያረጀነው። አባቱ ውጅግራ ነበራቸው። የዚያ ጠመንጃ ጥይት እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የተተኮሰውን ቀለህ እያስቀመጡ፣ ባሩዱን እየሞሉ፣ አረሩን እርሳስ አቅልጠው ራሳቸው ያፈስሱ ነበር። ማፍሰሻው እንደ ጉጠት ሁለት እጀታ ያለው ብረት ነው። ሁለቱ ከንፈሮቹ ሲገጥሙ መሐላቸው አንድ አረር የሚያክል ጎድጓዳ አለ፤ የቀለጠው እርሳስ ከላይ ባለችው ቀዳዳ ይገባል። አንዱ ከንፈር ውስጡ ጭረት ስለነበረበት የእሳቸው አረር ሁሉ ጎኑ ላይ ቀጭን መስመር ይዞ ይወጣል። ያቺን መስመር በቢላ መፋቅ የእኔና የፈንታ ሥራ ነበር። ብረቱን ግን አያስነኩንም።

እኔ ወሰድኩት። አባትየው ዳንግላ ገበያ የሄዱ ቀን፣ ፈንታ ከብት ሊያጠጣ ሲወርድ፣ እኔ ከተሰቀለበት አውርጄ ወሰድኩት። ራሴ ማፍሰስ አምሮኝ ነው። እሳቸው መጀመሪያ ብረቱን እሳት ዳር ሲያሞቁት አይቻለሁ፤ ለምን እንደሚያሞቁት አልጠየቅሁም። እኔ መጠየቅ መቼ እወዳለሁ? ንጹሕ ይሁን ብዬ ወንዝ አጠብኩት፤ እንደረጠበ የቀለጠ እርሳስ ሞላሁበት። ብረቱ እርሳሱን መልሶ ተፋው፤ ክንዴን አቃጠለኝ።

ያን ሰሞን የአባቴ አዲስ ቤት ምርጊት ላይ ነበር። ብረቱን እንደያዝኩ እዚያ ሳለሁ ደቦ የተጠራው ሰው ሲመጣ ድምፁን ስሰማ ደነገጥኩና በግድግዳው እንጨት መሐል፣ እርጥቡ ጭቃ ውስጥ ወሸቅሁት። ሲመሽ አወጣዋለሁ ብዬ። ደቦው ግን ያን ግድግዳ እየዘፈነ ደርቦ መረገው፤ እኔም በተቃጠለ ክንዴ አብሬ መረግሁ። ከዚያ ወዲያ ለማውጣት የአባቴን ግድግዳ ማፍረስ ሊኖርብኝ ነው። ዛሬ ነገ ስል ጭቃው ደረቀ።

አባትየው ብረታቸውን ሲያጡ፣ «የት እንደምሰቅለው የሚያውቀው ልጄ ነው፤ ሸጦታል» አሉ። ፈንታ ቢምል ማን ይስማው? በሰው ፊት ሌባ አሉት። ኋላ አልጋ ሲይዙ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እየጠሩ መረቁ፤ እሱን ዘለሉት። እኔ በሩ ጋ ቆሜ አየሁ። «እኔ ነኝ» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ያኔ እሳቸውን ፈርቼ ነው እንበል። ከሞቱስ በኋላ ማንን ፈራሁ?

ዘንድሮ ልጄ ያን አሮጌ ቤት አፍርሶ የብሎኬት ሊሠራ ተነሣ። ብረቱ ከጭቃው ጋር ወደቀ። ፈንታ ዐይኑን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ቢሆንም ወሬ ሊያግዝ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለ ልጄ።

«የቀጥቃጭ ጉጠት ነው፤ ጣለው።»

«አምጣው እስቲ» አለ ፈንታ። «አባትህ ጉጠት የት ያውቃል? ማጭዱን እንኳ ስስልለት የኖርኩት እኔ ነኝ።» ተቀብሎ ትንሿን ጣቱን በብረቱ አፍ ወደ ውስጥ ሰደደ። «ጉጠት ከሆነ አፉ ለምን ጎደጎደ? የአረር ማፍሰሻ ነው።»

«ሳታይ ደግሞ ትፈርዳለህ።»

«ጣቴንም ሞራ ጋረደው አልኩህ?» ብሎ ሳቀ። ብረቱን አገላብጦ ዳሰሰና፣ «የአባቴን ይመስላል» አለ።

«ያኔ ስንቱ ነበረው» አልኩት።

«እሱስ ልክ ነህ። የእኛ ቢሆንማ አንተ ቤት ምን ይሠራል?» ብሎ መለሰልኝ።

እንዲህ ነው የሚያምነኝ። አምና ታምሜ ስተኛ በዚያ ዐይኑ እየዳበሰ ድንቼን የቆፈረልኝ እሱ ነው። ሚስቴን የቀበርኩ ሰሞን እህል ካልቀመስክ ብሎ ሲሰድበኝ የሰነበተውም እሱ ነው።

ሲሄድልኝ ብረቱን በላምባ አሽቼ ዝገቱን አነሣሁ። «ስንቱ ነበረው» ያልኩትን ራሴም ላምነው ምንም አልቀረኝ፤ እስቲ ይለይልኝ አልኩ። እርሳስ ስለሌለኝ ከቀፎዬ ሰም አቀለጥኩ። ብረቱን አደረቅሁት፣ ለብ አደረግሁት፣ ቅባት ነካ ነካ አድርጌ አፈሰስኩበት። ሲቀዘቅዝ ከፈትኩት። አረር ወጣ፤ ጎኑ ላይ ያቺ ቀጭን መስመር። እንደ ድሮው ልፋቃት ቢላ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ጢም አብቅዬ ነበር። እኔ ወሰድኩት፣ እኔ መረግሁት፣ እኔ ዝም አልኩ። ዘንድሮም ጉጠት ነው ያልኩት እኔው ነኝ። ፈንታ ሌባ የተባለው በሰው ፊት ነውና እኔም በሰው ፊት እናገራለሁ። የማኅበራችን ተራ የእኔ ነው፤ ጠላው ሳይቀዳ ብረቱን ፈንታ እጅ ላይ አስቀምጬ ይህን አነባለሁ።

እሱ ይቅር ይለኛል፤ አውቀዋለሁ። የሚከነክነኝ ይሄው ነው። ስሙን እመልስለት ይሆናል። የአባቱን ምርቃት ግን ከየት አምጥቼ ልስጠው?