አርባ ላይ የቆመው ጌጅ

ትናንት የሟች አባቴን የእንጨት ሳጥን ከፈትኩ። በመሐረቡ የተጠቀለለ ነገር አነሳሁና ገና ሳልፈታው የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፤ አወቅኩት። የአሮጌዋ ላንድሮቨራችን የዘይት ጌጅ ነው፤ የሞተሩን የዘይት ግፊት የሚያሳየው። ሞተር የለ፣ ዘይት የለ፣ ዜሮ ላይ መውደቅ የነበረበት መርፌ አርባ ላይ ቆሟል። ጉድ እኮ ነው!

ያኔ ወልቂጤ ነበር የምንኖረው፤ እኔ አስራ ሰባት ዓመቴ ነው። የአባቴ ጆሮ ደክሞ ስለነበር የሞተሩን ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ጤናዋን የሚያውቀው በጌጁ ነው፤ እሱ ዓይኑን ከመንገዱ ስለማያነሳ ጋቢና አጠገቡ ተቀምጬ የማነብለት እኔ ነበርኩ። በየመታጠፊያው "ስንት ላይ ነው?" ይለኛል።

"ቀዝቃዛ ሆና ስድሳ ብትል አትደንግጪ" ብሎ አስተምሮኛል። "ስትሞቅና ቆማ ስታጉረመርም ሃያ ድረስ ትወርዳለች፤ ነዳጅ ስሰጣት መልሳ ትወጣለች። መውጣት መውረዷ ጤናዋ ነው።" ለወንድሜ ያላስተማረውን ለእኔ አስተማረኝ ብዬ ስኮራ ብታዪኝ!

ለመስቀል ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ መጣና ከጓደኞቹ ጋር በመኪናዋ ቡታጅራ ደርሶ ተመለሰ። በማግስቱ እኔና አባቴ አረቅጥ፣ አክስቴ ቤት ልንሄድ ስንል፣ ቀድሞን ወጥቶ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀን።

"ለአባዬ ላሙቅለት ብዬ ነው" አለ። አባቴ መረቀው።

መርፌው አርባ ላይ ነበር። አታት ጋ ከብቶች እስኪያልፉ ቆመንም አርባ። ዳገቱን ስንጀምርም አርባ። አለመውረዱን ልብ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ዛሬስ እንዴት ጎበዘች እያልኩ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ከሥር ጓ፣ ጓ የሚል ድምፅ መጣ።

"አባዬ፣ ድምፅ አለ!" ብዬ ጆሮው ላይ ጮህኩ።

"ስንት ላይ ነው?"

"አርባ!"

"እንግዲያው ምንም አልሆነችም።" ነዳጅ ጨመረ።

ብዙም ሳንሄድ ሞተሩ ተንቋቁቶ ቀጥ አለ፤ ዳግም አልተነሳም። ጠፍቶም መርፌው አርባ ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቤት ገብቼ ብናገር ማን ይስማኝ? መኪናዋን ያስጎተታት ወንድሜ ነው፤ ግቢ ስትገባ የጌጁ ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኗል።

"ስትጎተት ወድቆ ይሆናል" አለ፣ ክትፎውን በቆጮ እየጎረሰ። "እሷም ልጅ ናት፤ አሳስታ አንብባ ነው።"

አባቴ አንገቱን ደፋ። "አርባ አልሽኝ እኮ" ብቻ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በሰው መኪና እንኳ አብረን ስንሄድ "ስንት ላይ ነው?" ብሎኝ አያውቅም። አላመነኝም ብዬ ስንት ዓመት እንደተንገበገብኩ!

ትናንት መስታወቱን አውልቄ አየሁት። የመርፌው ሥር በማጣበቂያ ተለጥፏል። ወንድሜ ቡታጅራ መንገድ ላይ ሞተሩን ጎድቶ፣ መርፌው መውደቁ እንዳይታወቅበት ነው፤ ቀድሞን ያስነሳትም ጠፍታ ሳለች አርባ ማለቷን እንዳናይ ነው። እሱስ ይሁን፤ ከእሱ ምን እጠብቃለሁ? የሳጥኑ ቁልፍ ግን ከአባቴ አንገት ወርዶ አያውቅም። ጌጁን ከየት እንዳገኘው አላውቅም፤ ወንድሜ ራሱ ሰጥቶት ይሆናል። ብቻ አባቴ ያውቅ ነበር። ወንድ ልጁ እንዳይዋረድ ጥፋቱን እኔ ላይ ተወው። ለካ ያልጠየቀኝ አፍሮ ነው።

ወይ አባዬ! ጆሮው እንጂ አፉ አልደከመም ነበር። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ "ልጄ፣ ልክ ነበርሽ" ቢለኝ ምን ነበረበት?